መሃል ጀርባው ንፁህ ነበር፦ በሜት የተጎዳ ቆዳ እንዴት እንደዳነ፣ የአንድ ልጅ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ አሁን

ይሄን የምጽፈው በአክስቴ ልጅ ፈቃድ ነው። ስሙን አልጠራም፣ እሱም ያለኝ "እታለም፣ ስሜን ብቻ ተይው እንጂ ሌላውን ሁሉ ንገሪያቸው" ነው። እኔ ኮሎራዶ ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ብዙ አመት የሰራሁት ቁስል ክፍል ነው፣ የስኳር ህመምተኛ እግር፣ አልጋ ላይ የቆየ ሰው ጀርባ፣ ቃጠሎ፣ እንደዚህ እንደዚህ። ሜት፣ ሜታምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ አደንዛዥ ዕፅ፣ የሚያመጣውንም ቁስል በስራዬ አይቻለሁ፣ ግን በቃ የፈረንጅ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ ቤቴ ድረስ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። በአማርኛ በዝርዝር የተጻፈ ነገር ያኔ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሜ እነቃ ነበር፣ ለዛ ነው ሳላሳጥር የምጽፈው።

ልጁ ያኔ 34 አመቱ ነበር። በዲቪ መጥቶ መጀመሪያ ፓርኪንግ ሰራ፣ ከዛ ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አወጣና ትራክ ያዘ፣ በኋላም የራሱን ገዛ። እዚህ ያለ ሀበሻ ሁሉ እንደሚያውቀው ትራክ ብር አለው እንቅልፍ ግን የለውም። ህጉ በ14 ሰአት ውስጥ ከ11 ሰአት በላይ አትነዳም፣ ከዛ 10 ሰአት ታርፋለህ ይላል፣ ግን እረፍቱ ቀን ላይ ይወድቅና ፀሀይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ እንቅልፍ እምቢ ይልሃል፣ ማታ ደሞ መንዳት ግዴታ ነው ምክንያቱም ጭነቱ ጠዋት መድረስ አለበት የትራኩ ክፍያም ወር ቆጥሮ ይመጣል። 2022 መጨረሻ አካባቢ ነብራስካ ላይ ትራክ ስቶፕ ውስጥ አንድ ሰው "ይቺን ቅመሳት፣ ቡና በላት" አለው። ቀመሳት። "እታለም፣ ሌሊቱ ቀን ሆነልኝ" ነው ያለኝ በኋላ ሲነግረኝ። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ ከዛ በጉዞ ሁሉ፣ ከዛ ቤቱም ሲሆን።

በ2023 ፋሲካ እኔ ቤት መጣ። ኮፍያ አድርጓል፣ ጺሙን አሳድጓል፣ ሚያዝያ ላይ ቤት ውስጥ ሙቀት እያለ ረጅም እጅጌ ለብሷል። በጣም ከስቷል። እኛ ሁላችን ሁለት ወር ጾመን ስለነበር ጾሙ ነው ያከሳው አልን፣ እንደውም አንዷ ጎረቤታችን "እንዲህ ነው ጾም የሚጾም" ብላ መረቀችው። ዶሮውን ሁለት ጉርሻ በልቶ ተወው። ስራዬ ቁስል ማየት ሆኖ ሳለ ጉንጩ ላይ የነበሩትን ሶስት ቅርፊቶች አይቼ "ምላጭ ነው?" ብዬ አለፍኩት፣ እሱም "አዎ" አለ፣ ጺም ያሳደገ ሰው ምን ምላጭ አለው ብዬ እንኳን አላሰብኩም።

ሰኔ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰአት ደወለ። "እታለም፣ ቆዳዬ ስር ነገር አለ፣ ይሄዳል፣ አያስተኛኝም።" ከዛ በፊት ያለ ቀጠሮ የሚገባበት አንድ ዋክ ኢን ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ሄዶ እከክ ነው ተብሎ ሁለቴም የፐርሜትሪን ክሬም ተሰጥቶታል። ማንም ልብሱን አስወልቆ አላየውም፣ ማንም ስንት ሰአት ትተኛለህ ብሎ አልጠየቀውም፣ እንግሊዝኛው ደህና ስለሆነ አስተርጓሚ ይምጣልህ ያለውም የለም፣ እሱም ያወራው ስለማሳከክ ብቻ ነው። ክሬሙን ተቀባ፣ አንሶላውን በፍል ውሃ አጠበ፣ ፍራሹን ጣለ፣ አልሄደም።

ና አልኩት፣ መጣ። ኩሽና ውስጥ መብራት አብርቼ ሸሚዝህን አውልቅ አልኩት። ክንዶቹ፣ ትከሻዎቹ፣ ደረቱ፣ አገጩ፣ ጭኑ ላይ እኩል ያልሆኑ ቁስሎች፣ አንዳንዱ ትኩስ፣ አንዳንዱ ቅርፊት የያዘ፣ አንዳንዱ ድኖ ጥቁር ክብ የተወ። አዙሬ ጀርባውን ሳየው ግን መሃሉ ንፁህ ነው። ከትከሻ አጥንቶቹ መሃል ጀምሮ ወደታች አንድ ነጥብ የለበትም። እዛ ጋ ልቤ ወረደ። ለምን ብትሉኝ እጅ የማይደርስበት ቦታ ነው። እከክ ቢሆን በጣቶቹ መሃል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብ ዙሪያ፣ በብልት አካባቢ ነው የሚበዛው፣ አብሮ የሚኖረውንም ሰው ያሳክከዋል፣ የሱ ሩምሜት ግን ምንም አልሆነም። እጅ የደረሰበት ሁሉ ቆስሎ እጅ ያልደረሰበት ከዳነ ያቆሰለው እጅ ነው ማለት ነው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ደሞ የደረቀ ቃጠሎ አለ፣ ታችኛው ከንፈሩም ላይ እንደዛው፣ የጋለ የብርጭቆ ፓይፕ የሚይዝ ሰው ላይ የሚታይ ነው።

ከኪሱ አንዲት ትንሽ የማስቲካ ቆርቆሮ አወጣ። "ይኸው፣ አውጥቻቸዋለሁ፣ አምጥቼልሻለሁ።" ከፈትኳት። ውስጧ የደረቀ ቅርፊት፣ የልብስ ክር፣ የጸጉር ቁራጭ። በወረንጦ እያወጣ በስልክ መብራት እያየ ነው ያጠራቀመው። የቆዳ ሐኪሞች ለዚህ ነገር የክብሪት ሳጥን ምልክት የሚል ስም አላቸው፣ ድሮ በሽተኛው "ትሉን" በክብሪት ሳጥን ይዞ ስለሚመጣ ነው። እኔ ያን ጊዜ ቃል አልወጣኝም። የአክስቴን ልጅ፣ ባህር ዳር እንግዳ ሲመጣ እጁን ሶስቴ ታጥቦ የሚቀርበውን ልጅ ነው የማየው።

"የምትወስደው ነገር አለ?" አልኩት። "ቡናና ኢነርጂ ድሪንክ" አለኝ፣ ፊቱን አዞረ። ጮሄ ልናገረው ነበር፣ አክስቴን ልደውልላት ስልኬን አንስቼ ነበር። ከዛ ግራ ክንዱ ላይ ያለውን ብጉንጅ ነካሁት፣ ያቃጥላል። ስለዚህ ሌላውን ትቼ "ይሄ መግል ይዟል፣ ነገ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም" አልኩት። እሺ አለ። ይሄ እሺታ ነው የሁሉም ነገር መጀመሪያ፣ ሱስህን ታከም ብለው ኖሮ ያን ሌሊት ይወጣ ነበር፣ ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ፣ ቁስልህን እናክም ሲባል ግን እሺ ያለው በውነት ስለሚያመው ነው። ቤተሰብ ሆናችሁ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ፣ ሰውየው ለመታከም እሺ የሚላችሁ የመጀመሪያው ነገር ቁስሉ ሊሆን ይችላል፣ በዛ በኩል ግቡ።

እዚህ ጋ ስለኛ ቆዳ አንድ ነገር ልበል። መጽሐፍ ላይ "ቀይ፣ ትኩስ፣ ያበጠ" ይላል፣ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ አይታይም፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ወይ ከዙሪያው የጠቆረ ነው የሚመስለው። ስለዛ በአይን ብቻ አትመኑ፣ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ለኩ፣ ጠንክሮ እንደሆነ ንኩት፣ ከሌላው ክንድ ጋር አስተያዩት። እኔ ዙሪያውን በብዕር አሰመርኩበት፣ ጠዋት ሳየው ጥቁረቱ ከመስመሩ ሁለት ጣት አልፏል።

ኢንሹራንስ የለውም ነበር። በገቢ ልክ የሚያስከፍል ኮሚኒቲ ሄልዝ ሴንተር ወሰድኩት። ዶክተሯ ልብሱን አስወልቃ ከራስ እስከ እግር አየችው፣ ቆርቆሮዋንም ተቀብላ ማይክሮስኮፕ ላይ አየችለት፣ አልሳቀችም አልተቆጣችምም። ከዛ ያለችውን እስካሁን አስታውሳለሁ፣ "የሚሰማህ ስሜት እውነት ነው፣ እያስመሰልክ አይደለም። ግን ነፍሳት አላገኘሁም። እንዲህ አይነት ስሜት በብዛት የማየው ሜት የሚወስዱና ብዙ ቀን የማይተኙ ሰዎች ላይ ነው። አንተስ?" እኔን ውጪ አለችኝ፣ ወጣሁ። ስገባ ነግሯታል።

የፈራው ሲዲኤሉን ነበር። ይሄ ብዙ ሹፌር የሚፈራው ስለሆነ ግልጽ ላድርገው። ከጥር 2020 ጀምሮ የሚሰራው የፌደራል ክሊሪንግሃውስ፣ የሹፌሮች የድረግና የአልኮል መዝገብ፣ የሚመዘግበው ለስራ ተብሎ የሚደረግን የድረግ ቴስት መውደቅ፣ አልመረመርም ማለትንና የመሳሰለውን ነው፣ ለህክምና ብለህ ለሐኪምህ የነገርከውን አይደለም፣ ሐኪምህ እዛ አያስገባም። የሱስ ህክምና መዝገብማ ጭራሽ ለብቻው የፌደራል ጥበቃ አለው። ይሄ ማለት ግን እየወሰድክ ንዳ ማለት አይደለም፣ ሶስት ቀን ያልተኛ ሰው 36 ቶን ይዞ አይነዳም፣ ዶክተሯም በግልጽ ነገረችው፣ ቁልፉን የዛኑ ቀን ለኔ ሰጠኝ።

ስራው እንዲህ ሆነ። ብጉንጁን አደንዝዛ ሰነጠቀችው፣ መግሉ ወጣ፣ ናሙና ለላብራቶሪ ሄደ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጎዝ ገባ። ብጉንጅ በመድሃኒት ብቻ አይድንም፣ መግሉ መውጣት አለበት፣ ቤት ውስጥ ደሞ አይፈርጥም፣ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። በሶስተኛው ቀን ሪዛልቱ ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ ሆኖ መጣ፣ ያውም ተራ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ኤምአርኤስኤ የሚባለው። ሰልፋ ለሚባል መድሃኒት አለርጂ እንደሌለው ጠይቃ ባክትሪም የሚባል አንቲባዮቲክ ነበር የጀመረችለት፣ እሱ ይሰራበታል፣ 7 ቀን ወሰደ። ቴታነስ ተወጋ። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ጉበትና ኩላሊት ተመረመረ፣ ማሳከክ ከነዚህም ሊመጣ ስለሚችል ነው፣ ሁሉም ደህና ነበር። በመርፌ አይወስድም ነበር፣ ቢወስድ ኖሮ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽንም ያሰጋን ነበር።

ሌሎቹን ቁስሎች እኔ ቤት ነው ያዳንናቸው፣ አንድ ክፍል ሰጠሁት። ሰው ውድ ክሬም ይጠይቀኛል፣ እኔ የተጠቀምኩት ለብ ያለ ውሃ፣ ሽታ የሌለው ሳሙናና ቫዝሊን ነው። በቀን አንዴ ማጠብ፣ በንጹህ ነገር ጠቅ ጠቅ አርጎ ማድረቅ፣ ቫዝሊን በስሱ፣ ላዩ ላይ የማይጣበቅ ጎዝ። ቁስል አየር ያግኝ ይደርቅ የሚለው የኛ ወሬ ልክ አይደለም፣ እርጥበት ያለው ቁስል ቶሎ ይዘጋል ጠባሳውም ይቀንሳል፣ የደረቀ ቅርፊት ደሞ ይጎረብጣል፣ የሚጎረብጥን ነገር ጣት ፈልጎ ያነሳዋል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ክልክል፣ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚወጣውንም ስጋ ይገሉታል። ትንንሾቹ ላይ ሃይድሮኮሎይድ የሚባለውን፣ ሴቶች ለብጉር የሚለጥፉትን፣ ለጠፍኩለት፣ እርጥበቱን ይይዛል፣ ዋናው ጥቅሙ ግን ለኛ ጣት እንዳይደርስ መከልከሉ ነው። ጥፍሩን ሁለት ቀን እየቆጠርኩ ቆረጥኩለት። ወረንጦውን ደበቅኩት፣ አጉልቶ የሚያሳየውን መስታወትም ከመታጠቢያ ቤት አነሳሁት። ማታ ማታ እጁ ስራ ሲፈታ ነው የሚጀምረው፣ የመቁጠሪያ ሀሳብ የመጣው ከራሱ ነው፣ የአባቱን መቁጠሪያ ያዘና እየቆጠረ ቲቪ ያያል፣ ሲብሰው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያሳከከው ቦታ ላይ ይይዛል።

አክስቴ በቪዲዮ አይታው ነበርና መቼም እናት ናት፣ አንደኛ መተት ነው አለች፣ ሁለተኛ ፌጦ በሎሚ አርጊለት አለችኝ። ፌጦ እኔም ያደግኩበት ነው፣ ንቀት የለኝም፣ ግን የተከፈተ ቁስል ላይ ያቃጥላል፣ ሎሚ ደሞ ተቀብተህ ፀሀይ ከመታህ ራሱ ያቆስላል ያጠቁራል። ነጭ ሽንኩርትም እንደዛው፣ ታስሮበት ያደረ ቆዳ እንደ እሳት ቃጠሎ ሆኖ አይቻለሁ። ከኔ በፊት ደሞ ከሀበሻ ሱቅ ፊት የሚያጠራ ተብሎ የሚሸጥ ቱቦ ገዝቶ ሲቀባ ከርሟል፣ ጀርባውን ሳነበው ክሎቤታሶል አለበት፣ በጣም ሃይለኛ ስቴሮይድ ነው፣ ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ኢንፌክሽን ይደብቃል፣ ስታቆመው ይፈነዳል። በአገጩ ዙሪያ የነበረው ግማሹ ብጉር ከሱ የመጣ ነበር። እባካችሁ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ማቅሊያ ነገር አትቀቡ፣ አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ ተገኝቷል።

ሰው "ኬሚካሉ በላብ እየወጣ ነው ቆዳውን የሚበላው" ይላል። እንደዛ አይደለም። ሜት አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርኢፒነፍሪን የሚባሉ የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ያጥለቀልቃል፣ ኖርኢፒነፍሪኑ የደም ስሮችን ያጠባል፣ ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ደም ያልደረሰው ቁስል ደሞ በምን ይድናል። ግማሹ እንኳን ከሰውነት ለመውጣት ከ10 እስከ 12 ሰአት ስለሚፈጅ መጥበቡ ቶሎ አይለቅም። በዛ ላይ ርሃብና እንቅልፍ ይጠፋል፣ ቆዳ ራሱን የሚጠግነው በፕሮቲንና በእንቅልፍ ነው። ዶፓሚኑ ሲበዛና እንቅልፍ ሲጠፋ ውርር የሚያደርግ ስሜት ይመጣል፣ ያው መድሃኒት አንድን ነገር ደጋግመህ እንድትሰራ ስለሚያደርግ አንዴ መቆፈር የጀመረ እጅ ሶስት ሰአት አይቆምም፣ ከጥፍር ስር ያለው ስታፍ ይገባል። ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም፣ ለዚህም ነው የሚድነው።

የሚድነው ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በ2004 ኦሬገን ፖርትላንድ ላይ የመልትኖማ ካውንቲ ሸሪፍ ቢሮ የታሰሩ ሰዎችን በፊትና በኋላ ፎቶ ጎን ለጎን አርጎ ለማስፈራሪያ አወጣ፣ ፎቶዎቹ አለምን ዞሩ፣ የኔም ዘመድ አይቷቸዋል። ምን አደረጉት መሰላችሁ፣ እሱን ከመውሰድ አልከለከሉትም፣ ያስተማሩት አንድ ነገር "አንዴ እንዲህ ከሆንክ አልቆልሃል" የሚለውን ነው። ስለዛ ኮፍያና ጺም ውስጥ ተደበቀ። የወለቀ ጥርስ አይመለስም፣ ጥልቅ ጠባሳም ይቀራል፣ የቆዳው አብዛኛው ጉዳት ግን ይመለሳል፣ ይሄን አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረው ኖሮ እላለሁ።

ያቆመበት የመጀመሪያ ሳምንት በእንቅልፍ አለፈ፣ በቀን 15፣ 16 ሰአት። ቀስቅሼ አጥሚት አጠጣዋለሁ፣ ይተኛል። በኋላ ገንፎ፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ፆም ባልሆነ ቀን ስጋ፣ ብርቱካን። የሚርመሰመሰው ስሜት በ10 ቀን ገደማ ቀነሰ በሶስት ሳምንት ጠፋ። ዶክተሯ ካልጠፋ ትንሽ የአእምሮ መድሃኒት እንሞክራለን ብላ ነበር፣ አላስፈለገም። "ትል የለም" ብዬ ግን አንድም ቀን አልተከራከርኩትም፣ ክርክር የሚያመጣው ማስረጃ ፍለጋ ነው፣ ማስረጃ የሚፈልገው ደሞ በወረንጦ ነው። ለመነካካቱ ኤን አሲቲልሲስቲን የሚባል ፋርማሲ የሚሸጥ እንክብል አዘዘችለት። በ2016 በወጣ ጥናት ቆዳቸውን መቧጠጥ ማቆም ካቃታቸው ሰዎች ውስጥ ይሄን የወሰዱት 47 ከመቶ በደንብ ተሻሽለዋል፣ የውሸት እንክብል የወሰዱት 19 ከመቶ። ጥናቱ ሜት ተጠቃሚ ላይ አልነበረም፣ ግን ጉዳቱ ትንሽ ስለሆነ ሞከርነው።

ለሱሱ ራሱ በአሜሪካ የጸደቀ መድሃኒት የለም። በ2021 የታተመ ጥናት ላይ ናልትሬክሶን መርፌና ቡፕሮፒዮን አብረው ሲሰጡ 13.6 ከመቶ መልስ ሰጥተዋል፣ ያለሱ 2.5 ከመቶ፣ ዶክተሯ አማራጩን ነገረችው። እሱ የመረጠው ሽንት እየተመረመሩ ንጹህ ሲሆኑ ሽልማት የሚሰጥበትን ፕሮግራም ነው፣ እንደ ሜት ላለ አነቃቂ ዕፅ ሱስ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ሰው እንዲህ ላለ ነገር በጊፍት ካርድ ይገዛል እንዴ ብዬ ነበር፣ አሁን አልልም። በሳምንት ሁለቴ ይሄዳል፣ ንጹህ በሆነ ቁጥር ከፍ ይላል፣ የመጀመሪያዋን ካርድ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጣት አቀማመጥ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ፣ ልክ ሪፖርት ካርድ እንደሚያሳይ ልጅ ነበር።

ናርካን፣ እንደ ፈንታኒልና ሄሮይን ያለ ነገር ከልክ አልፎ ለወሰደ ሰው አፍንጫ ውስጥ የሚነፋውን መድሃኒት፣ ገዝቼ ቤት አስቀመጥኩ፣ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ናርካን ለሜት አይሰራም፣ ግን መንገድ ላይ የሚሸጠው ነገር ውስጥ ፈንታኒል ሊደባለቅ ስለሚችል ነው።

ጠበሉን ልተወው አልፈልግም። እናቱ በጣም ስለጨነቃት የንስሐ አባቱን ጠየቅን፣ አባ ያሉት "ጠበሉን ይጠጣ፣ ጸሎቱን አይተው፣ ቁስሉ ክፍት እያለ ግን ሐኪሟ ያለችውን ይስማ፣ መድሃኒትንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው" ነው። ይሄን አክስቴ በስልክ ከሳቸው አፍ ስትሰማ ነው መተቱን የተወችው። እኔ አስር ጊዜ ብነግራት አትሰማኝም ነበር።

ወር ሆኖት ትንንሾቹ ቁስሎች ሁሉ ተዘጉ፣ የክንዱ ጉድጓድ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ከዛ የጥቁረቱ ስራ መጣ። የኛ ቆዳ በቆሰለበት ሁሉ ጥቁር ማህተም ይተዋል፣ ጠባሳ አይደለም ቀለም ነው፣ ብቻውን ቢተውም ከወራት እስከ ሁለት አመት እየቀለለ ይሄዳል። ቁስሉ ሳይዘጋ ምንም የሚያጠራ ነገር አይቀባም። ከተዘጋ በኋላ ዋናው ፀሀይ ነው፣ ዴንቨር ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሀዩዋ ቀልድ የላትም፣ ሰንስክሪን፣ የፀሀይ መከላከያ ክሬም፣ 30 ና ከዛ በላይ፣ ቀለም ያለውን ማለትም አይረን ኦክሳይድ ያለበትን መረጥን፣ ጥቁረትን ከሚያባብሰው ከሚታየው ብርሃንም ስለሚከላከል። ጠዋትና ማታ አዜላይክ አሲድ 15 ከመቶ የሚባል ቅባት፣ በኋላ ማታ ማታ አዳፓሊን 0.1 ከመቶ የሚባል ሌላ ቅባት ተጨመረ፣ መጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለለ፣ ቆዳው ከተቆጣ ያ ቁጣ ራሱ ሌላ ጥቁረት ነው። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ጥቁረት የሚያነሳ ቅባት በሐኪም ብቻ ለጥቂት ወር ይሰጣል፣ አላስፈለገውም። ትከሻው ላይ አንዱ ጠባሳ ኬሎይድ ሆኖ አበጠ፣ እሱ ላይ በየወሩ ስቴሮይድ መርፌ ይወጋበታል፣ ጠፍጣፋ እየሆነ ነው። ሌዘር እናድርግ ሲል እኔ ነኝ የከለከልኩት፣ ጥቁር ቆዳ የማያውቅ ሰው እጅ ከገባ አቃጥሎ ያጠቁራል።

በአራተኛው ወር ወደቀ፣ ተመልሶ ሜት ወሰደ። ሶስት ቀን። ያወቅኩት አገጩ ላይ በወጣች አንዲት አዲስ ቅርፊት ነው፣ ዙሪያዋ በጥፍር ቅርጽ ተቧጥጧል። አልጮህኩም፣ ሃይድሮኮሎይድ ሰጠሁትና "መቼ ነው ቀጠሮህ?" አልኩት። "ነገ" አለ። ሄደ። ሽንቱ ንጹህ አልነበረም፣ ካርድ አላገኘም፣ አላባረሩትም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ከታች ጀመረ። እስከዛሬ ሌላ የለም።

አረብ ሀገር፣ ገልፍ ላሉ እህት ወንድሞቼም አንድ ነገር፣ እዛ ሻቡ የሚባለው ይሄው ሜት ነው። ህጉ ከባድ ስለሆነ ቁስል ቤት ውስጥ እንደሚደበቅ ይገባኛል፣ ውሃ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊንና እንቅልፍ እዛም አለ። ግን ትኩሳት ከመጣ፣ ጥቁረቱ ወይ እብጠቱ በሰአታት ከሰፋ፣ ህመሙ ከሚታየው ቁስል በላይ ከሆነ፣ ቆዳው ከደነዘዘ ወይ ከጠቆረና ውሃ ከቋጠረ፣ ይሄ ቤት ውስጥ የሚቆይ አይደለም፣ የዛኑ ሰአት ሆስፒታል ነው፣ ለሐኪሙ ቁስሌን እዩልኝ ማለት በቂ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደሞ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ በነጻ ነው፣ እንግሊዝኛችሁ ለስራ ቢበቃም እንዲህ አይነቱን ነገር በአማርኛ ማውራት ይቀላል።

ትራኩን ሸጠ፣ አሁን መጋዘን ውስጥ ቀን ቀን ነው የሚሰራው፣ ብሩ ያነሰ ነው ማታ ይተኛል። ሁለት ጥርስ አስወልቋል፣ ሌሎቹ እየተሞሉ ነው። ጉንጩ ላይ ያሉት ካልተጠጉ አይታዩም፣ የግራ ክንዱ ግን አሁንም ጎድጎድ ያለ ነው። ባለፈው እሁድ አክስቴ በቪዲዮ "እጅጌህን ሰብስብ እስቲ፣ የኔ ጌታ" አለችው። ትንሽ ዝም አለ፣ ከዛ እስከ ትከሻው ድረስ ሰበሰበውና ክንዱን ወደ ስልኩ አስጠጋ።